አንቀጽ ዘጠኝና የሃያ ስድስት ዓመት ጓደኝነት

ሕግ የሚወዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው አቶ ማንያዘዋል ነው። በባቡር ሐዲድ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ሞቃት ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት የጣቢያ ሹም ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር በደቂቃ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ጡረታ ሲወጡ አርፈው የሚቀመጡ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ባቡሩን ሲተዉ የመጫወቻ ካርታ ያዙ። ካርታ መያዛቸው ሳያንስ የካርታ ሕግ ጻፉ።

በከተማዋ የድሮ ባቡር ሠራተኞች ክበብ አለ፤ ዛሬ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ይገባበታል። በዚያ ክበብ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታውን ያመጡት የባቡር መሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ጨዋታው እዚያው ቀረ። ቁማር የለበትም፤ ክብር ግን አለበት፣ ክብር ደግሞ ከቁማር የባሰ ያጣላል።

ጨዋታውን የማታውቁ አትስጉ፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊትህ ያለው አጋርህ ነው፤ ግራና ቀኝህ ያሉት ተቃራኒዎችህ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ሦስት ካርታ ይታደላል። ካርታው አራት ዓይነት ነው፤ የክበቡ ሰዎች ቀይ ልብ፣ ጥቁር ልብ፣ ዳይመንድና አበባ ይሏቸዋል። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት እንደ ጨረታ ያለ ነገር አለ። ሁሉም በየተራው «አንድ ጥቁር ልብ»፣ «ሁለት ቀይ ልብ» እያለ ይጠራል፤ የሚጠራው የሌለው «አልፋለሁ» ይላል። አጋርህ በእጁ ምን እንደያዘ አታይም፤ የምታውቀው ከጥሪው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ «እኔ እንዲህ ካልኩ እንዲህ ማለቴ ነው» ተባብሎ አስቀድሞ ይስማማል። ደግሞም በአንዱ ጠረጴዛ የታደለው ካርታ ሳይበወዝ እንዳለ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ስለሚተላለፍ፣ ሁሉም በተራው ያንኑ ካርታ ይጫወታል። «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» የሚል ሰበብ እዚህ ቤት አይሠራም።

ጣጣው ያለው ስምምነቱ ላይ ነው። ሰው ሲባል ብልጥ ነውና፣ አንዳንዱ ጥንድ ለሌላው የማይገባ ረቂቅ ስምምነት ይፈጥራል። አቶ ማንያዘዋል ይህን አይተው አሥራ አራት አንቀጽ ያላት ቀጭን ደብተር ጻፉ። የትኛው ስምምነት እንደሚፈቀድ፣ የትኛው እንደማይፈቀድ ዘረዘሩ። ማንኛውም ጥንድ ስምምነቱን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ ደነገጉ። ተቃራኒ «የአጋርህ ጥሪ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀም የሚመልሰው የጠራው ሰው ሳይሆን አጋሩ ነው፤ አጋሩም የሚያውቀውን ሁሉ ሳያስቀር መናገር አለበት። ሕጉን የጻፉትም እሳቸው፣ የሚዳኙበትም እሳቸው ሆኑ። ማንም አልተቃወመም፤ እውነት ለመናገር ደብተሯን እስከ መጨረሻ ያነበባት ሰው ጥቂት ነበር።

ከአሥራ አራቱ አንቀጾች አቶ ማንያዘዋል አብልጠው የሚወዱት ዘጠነኛውን ነው። በዚህ ጨዋታ ባዶ ጥሪ መጥራት፣ ማለትም የሌለውን አለኝ ብሎ ተቃራኒን ማደናገር፣ ነውር አይደለም። አንቀጽ ዘጠኝ ግን እንዲህ ይላል፤ «ባዶ ጥሪ የሚፈቀደው አጋርህም ከተቃራኒህ እኩል የሚታለል ከሆነ ነው። አጋርህ አውቆ ተቃራኒህ ሳያውቅ ከቀረ፣ ያ ብልሃት ሳይሆን ሽሽግ ስምምነት ነው። ሽሽግ ስምምነት የተገኘበት ጥንድ የዓመቱን ዋንጫ ያጣል፤ አንድ ዓመትም አብሮ አይቀመጥም።»

በዚህ አንቀጽ ሁለት ወንድማማች ልብስ ሰፊዎች ተቀጥተዋል። ታላቅየው ቅጣቱ ሲነበብ ተነሥቶ፣ እኛኮ ተማክረን አይደለም ጋሼ፣ አብረን ስላደግን ነው የምንተዋወቀው ብሎ ነበር። አቶ ማንያዘዋልም ሕግ እንዴት እንዳወቅህ አይጠይቅም፣ ያወቅኸውን ተናግረሃል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው ሲሉ መለሱለት። መልሱ ሰውን ሁሉ አስደነቀ። ወንድማማቾቹ ግን ዓመታቸው ሲያልቅም ወደ ክበቡ አልተመለሱም።

የአቶ ማንያዘዋል አጋር አቶ ጎሹ ይባላሉ። ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ማንያዘዋል ኮስታራ ናቸው፤ ጎሹ ደግሞ ቀልድ ካልቀላቀሉ ውሃ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ተጫውተዋል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ዋንጫውን ወስደዋል። ሚስቶቻቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ፣ እነዚህ ሁለቱ ከኛ ይልቅ እርስ በርስ ነው የሚነጋገሩት እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አሁን ሁለቱም ሚስቶች አልፈዋል፤ ልጆቹም በየአገሩ ተበትነዋል። ለሁለቱ ሽማግሌዎች የቀረችው ቅዳሜ ናት።

እሷም ብትሆን ዕድሜዋ አጭር ነበረ። የአቶ ጎሹ ዓይን እየደከመ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ለአቶ ማንያዘዋልም ጭምር። የሰዓት ሱቃቸውን ሲዘጉ ዛሬ ሰው ሁሉ ሰዓት የሚያየው በስልኩ ነው ብለው ቀለዱ። ክበብ ሲገቡ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር መያዝ ጀመሩ፤ ነፋስ እወዳለሁ አሉ። በዚህኛው ዓመት ደግሞ ካርታውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ ጀመር። አቶ ማንያዘዋል ሁሉንም አይተዋል። በዚህ አካሄድ ካርታ የሚያይ ዓይናቸው ዓመት እንደማይዘልቅ አስልተዋል፤ የጣቢያ ሹም መቼም ሲያሰላ ነው የሚኖረው። ግን እሳቸውም አልጠየቁ፣ ጎሹም አልነገሯቸው። በኛ አገር ወዳጅነት እንዲህ ነው፤ የሚያሳፍረውን ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፍ እንደ ፍቅር ይቆጠራል።

የዓመቱ ዋንጫ ቀን ደረሰ። ማንያዘዋልና ጎሹ እየመሩ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል። በዚያን ጊዜ መምህርት እታገኝና መካኒኩ ነጋሲ ግራና ቀኛቸው ተቀመጡ። እታገኝ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ጨዋታውን ከጀመረች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ግን የሚያልፍባትን ካርታ ሁሉ በትንሽ ማስታወሻ ትመዘግባለች። ነጋሲ ደግሞ እጁ ከዘይት የማይጠራ፣ አነጋገሩ ግን የጠራ ጎልማሳ ነው።

ካርታ ታደለ። የመጀመሪያው ተራ የአቶ ማንያዘዋል ነበረ፤ «አልፋለሁ» አሉ። ነጋሲም አለፈ። ሦስተኛው ተራ የአቶ ጎሹ ነው። ካርታቸውን አስጠግተው አዩና ድምፃቸውን ሞልተው «አንድ ጥቁር ልብ» አሉ።

እታገኝ ጥሩ እጅ ይዛ ነበረ። ይህን ስትሰማ አመነታች። እንደ ደንቡ ወደ አቶ ማንያዘዋል ዞራ የአጋርዎ ጥሪ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። አቶ ማንያዘዋል በወረቀታቸው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ነገሯት፤ ቢያንስ አምስት ጥቁር ልብና ጠንካራ እጅ ማለት ነው አሏት። እታገኝ ፈርታ «ሁለት ቀይ ልብ» ብቻ አለች።

አሁን ተራው የአቶ ማንያዘዋል ነው። በእጃቸው አራት ጥቁር ልብ አለ፣ ከነንጉሡ። ሌላም ደህና ካርታ አላቸው። አጋራቸው እውነት ጠንካራ እጅ ከያዘ «ሦስት ጥቁር ልብ» ብለው ዘለው መነሣት ነበረባቸው፤ ጀማሪ እንኳ ይህን ያውቃል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያሹ «አልፋለሁ» አሉ። ነጋሲም ተቃራኒዎቹ ከባድ መስለውት አለፈ፤ ጨረታው በዚያው ቆመ።

ተጫወቱ። አቶ ጎሹ በእጃቸው ምንም አልነበረም፤ ሁለት ጥቁር ልብ ብቻ፣ እሱም ትንንሹ። እነእታገኝ ትልቁን ጥሪ መጥራት ሲገባቸው በትንሹ ቀሩ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች በዚህ ካርታ ከፍ ያለ ነጥብ ተይዟል፤ እነሱ ግን ከሁሉ ያነሰውን ያዙ። አቶ ጎሹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ፣ ነጋሲም ጋሽ ጎሹ ዛሬም በሉን ብሎ አብሯቸው ሳቀ።

እታገኝ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። የአቶ ማንያዘዋልን ካርታ በዓይኗ ስትቆጥር ቆየችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አቶ ማንያዘዋል፣ ለምንድን ነው ያላመኗቸው?»

«እንዴት?» አሉ።

«አራት ጥቁር ልብ ነበረዎት። ለኔ ጠንካራ እጅ ነው ብለው ነገሩኝ። እኔ አመንኩ። እርስዎ ግን አላመኑም። በሦስት ዓመት ውስጥ አቶ ጎሹ በሦስተኛ ተራ እንዲህ ሲጠሩ አምስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቀን አላመኗቸውም። እኔ ለመማር ብዬ ነው የምጠይቅዎት፤ እንዴት ያውቃሉ?»

ልጅቱ ክስ አላቀረበችም። እውነትም ለመማር ነበር። ግን ጥያቄዋ አቶ ማንያዘዋልን ወንበራቸው ላይ አደረቃቸው። ጎሹ ቀደም ብለው፣ እሱ ነቢይ ነው ልጄ፣ ዝም በይው ብለው አሳቋቸውና ነገሩ አለፈ። የዕረፍት ደወል ተደወለ።

አቶ ማንያዘዋል ብቻቸውን ወጥተው ወደ አሮጌው ሐዲድ ሄዱ። ፀሐዩ ገና ብርቱ ነበረ። እንዴት ያውቃሉ? ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ጠይቀው አያውቁም። የመሰላቸው ችሎታ ነበረ። አሁን ሲያስቡት ግን ችሎታ አይደለም። ጎሹ ባዶ ጥሪ የሚጠሩት ሁልጊዜ በሦስተኛ ተራ ነው፤ ሁልጊዜም በጥቁር ልብ ነው። ሰውየው ራሳቸው ይህን አላወቁት ይሆናል። ማንያዘዋል ግን ካወቁት ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንድ ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። ሳይነጋገሩ ተስማምተው ኖረዋል። ዛሬም ለዚያች አስተማሪ ወረቀቱ የሚለውን ነግረው፣ ራሳቸው በሚያውቁት ሠሩ።

የልብስ ሰፊው ቃል ጆሯቸው ላይ አቃጨለ፤ አብረን ስላደግን ነው የምንተዋወቀው ብሎ ነበረ። እሳቸው ያን ልጅ ምን ብለው እንደመለሱለት ትዝ ሲላቸው አፈሩ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላቸው ነበር።

ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ዋንጫው አላሳሰባቸውም፤ አሥራ አንዱ ዋንጫ ቤት ውስጥ አቧራ ይዟል። ያሳሰባቸው ዓመቱ ነው። ፍርዱን ከሰጡ አንድ ዓመት ከጎሹ ጋር አይቀመጡም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ጎሹ ካርታ የሚያይ ዓይን አይኖራቸውም። የቀረቻቸውን ቅዳሜ በገዛ እጃቸው ሊቆርጧት ነው። ደግሞ ደብተሯ ትዝ አለቻቸው። ለሁለት ልብስ ሰፊዎች የሠራ አንቀጽ ለደራሲው የማይሠራ ከሆነ፣ ያ ሕግ ሳይሆን የጣቢያ ሹም ቁጣ ነበረ ማለት ነው። እህል ሲያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?

ተመልሰው ገቡና ሰውን ጸጥ አሰኙ። ደብተሯን አውጥተው አንቀጽ ዘጠኝን አነበቡ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ጥፋተኛው ጎሹ እንዳልሆኑ፣ አውቀው ያልተናገሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ሕጉ ግን ጥንድን እንጂ አንድ ሰውን ለይቶ እንደማይቀጣ አስረዱ። ዋንጫው ለተከታዮቹ ይሰጥ፣ እኛ ለአንድ ዓመት አብረን አንቀመጥም ብለው ፈረዱ።

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እታገኝ ደንግጣ ተነሣች፤ እኔ እኮ አልከሰስኩም ብላ ለመነች። አቶ ጎሹ ግን ከመስኮቱ ወንበር ሳይነሡ ፊታቸው ጠቆረ። ቀልዱ ሁሉ ከላያቸው ጠፋ።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አሉ። «አንድ ቀን ጠቅሼህ አውቃለሁ? በጠረጴዛ ሥር እግርህን ነክቼህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ብዬህ ነው በሰው ፊት አታላይ የምታሰኘኝ?»

«ምንም አላልከኝም፣ ጎሹ። እኔ ግን ሰምቼሃለሁ።»

አቶ ጎሹ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ትከሻቸውን ከመቃኑ ጋር አጋጩ፤ ያየው ሰው በንዴት ነው አለ። ማንያዘዋል ብቻ ምን እንደሆነ አወቁ።

ዓመቱ ረጅም ነበረ። አቶ ማንያዘዋል ሌላ አጋር አልያዙም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሰዓት ይይዛሉ፣ ነጥብ ይደምራሉ፣ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ጎሹ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው፣ ምንም ጠብ የለንም ብለው ሸኟቸው። ጠብ የለንም ማለት ምን ያህል የከረረ ጠብ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይባላል፤ ጎሹ ግን በፍርድም የሄደችው ቆጭታቸዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ ማንያዘዋል ገበያ መንገድ ላይ ጎሹን ከፊት ለፊት አገኟቸው። መሸሻ አልነበረም። ልባቸው እየመታ ቆሙ። አቶ ጎሹ ግን ፈገግ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡና፣ እንደምን አደርክ ጌታዬ፣ ቤተሰብ ደህና ነው? ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ማንያዘዋል ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ታረቀኝ ብለው በማሰብ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ጎሹ፣ ዘይቱ ገባ እንዴ፣ የጎረቤቱን ልጅ ልላከው? ሲሉ ነገሩ ገባቸው። ጎሹ የሠፈራቸውን ባለሱቅ ሰላም ያሉ መስሏቸዋል። የሃያ ስድስት ዓመት ፊት አልታያቸውም። ማንያዘዋል ድምፃቸው እንዳያጋልጣቸው ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው አለፉ። ቤታቸው ገብተው በር ዘግተው አለቀሱ።

ዓመቱ ያለቀ ቅዳሜ፣ ማንም ሳይጠብቃቸው አቶ ጎሹ ክበቡ በር ላይ ቆሙ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው። ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ እስከ ድሮ ወንበራቸው ሄዱና ተቀመጡ። «ዓመቱ አልቋል፣ አይደል?» አሉ። አቶ ማንያዘዋል ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ከጎናቸው እታገኝና ነጋሲ ነበሩ።

በመጀመሪያው ካርታ ጎሹ «አልፋለሁ» አሉ። በሁለተኛውም አለፉ። በሦስተኛውም አለፉ። ካርታ ሲጥሉ ተራቸው በደረሰ ቁጥር አንዷን በጣታቸው ሲዳብሱ ይቆያሉ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ተሳስተው መጣል ካለባቸው ዓይነት ሌላ ጣሉ፣ ነጋሲም በትሕትና መለሰላቸው። በአራተኛው ካርታ አቶ ማንያዘዋል ጠንካራ እጅ ይዘው ጠሩ፤ ጎሹ እንደገና «አልፋለሁ» አሉ። እታገኝ ግራ ገባት። እንደ ደንቡ ዞራ፣ የአጋርዎ ማለፍ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ አጭር ነው፤ ደካማ እጅ ማለት ነው። አቶ ማንያዘዋል ግን እውነቱን ያውቃሉ። ደግሞ ወረቀቱን እያነበቡ ሌላ ነገር ማወቅ ምን እንደሚባል ራሳቸው ፈርደዋል። ግን ይህኛው የካርታ ምሥጢር አይደለም፤ የሰው ገመና ነው። ባለፈው የከፈሉት የራሳቸውን ነበረ። ይህን ግን ቢናገሩት የሚከፍሉት የጎሹን ነው።

«የማውቀው ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ። «እንዳልደብቅሽ ሕጉ ይከለክለኛል። ልንገርሽ እንዳልል ደግሞ ነገሩ የኔ አይደለም።»

አቶ ጎሹ ካርታቸውን አንድ ባንድ ደርድረው ጠረጴዛው ላይ አጋደሟቸው።

«የኔ ነው» አሉ። «እኔ ልንገራት። ካርታው አይታየኝም። ቀይና ጥቁሩን እለያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። ሐኪሙም የሄደው አይመለስም ብሎኛል። የማልፈው እጄ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደያዝኩ ስለማላውቅ ነው።» ከዚያ ወደ አቶ ማንያዘዋል ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«መቼ ጀምሮ?»

«ወንበር ከቀየርክ ጀምሮ።»

«ሦስት ዓመት!» አሉ ጎሹ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ካንተ ስደብቅ፣ አንተ ማወቅህን ከኔ ስትደብቅ። ያን ቀን በሰው ፊት ያልከኝ ነገር አሁን ገባኝ።» እጃቸውን ዘርግተው የጓደኛቸውን እጅ በዳሰሳ ፈልገው ያዙት። ለቀቅ ሳያደርጉትም ብዙ ቆዩ።

ቀድሞ የተናገረው ነጋሲ ነው። ነጋሲ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚጠገን የሚመስለው ሰው ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም፣ ካርታውን ትልቅ አድርጎ መሥራት እኮ ቀላል ነው አለና ተነሣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመለዋወጫ ካርቶን የተቆረጡ፣ እያንዳንዳቸው የመጽሐፍ ገጽ የሚያህሉ፣ ቁጥራቸው በመኪና ቀለም የተጻፈ ሃምሳ ሁለት ካርታዎች ይዞ መጣ። በእጅ የሚያዙ አልነበሩምና ለጎሹ ብቻ የእንጨት መደገፊያ ሠራላቸው፤ ለሌላው ሰው እንዳይታይም ጋረደላቸው። በየጠረጴዛው የደረሳቸውን እጅ ከትልልቁ እያመሳሰለ የሚደረድርላቸው በዚያ ዙር የማይጫወት ሰው ሆነ። ጨዋታው ትንሽ ዘገየ፤ ማንም አላጉረመረመም። አቶ ጎሹ በእነዚያ ካርታዎች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተጫወቱ።

የሁለቱ ሽማግሌዎች የስምምነት ወረቀትም ተለወጠ። ከታች በአቶ ማንያዘዋል ጽሕፈት አንድ መሥመር ተጨመረ። መሥመሩ፣ አቶ ጎሹ በሦስተኛ ተራ ጥቁር ልብ ሲጠሩ አንዳንዴ እጃቸው ባዶ ነው፤ አጋራቸው ይህን ያውቃል፤ እርስዎም ይወቁት ይላል። የክበቡ ኮሚቴ ረጅም ጊዜ ተከራክሮ ፈቀደው። አቶ ጎሹ አንብቡልኝ ብለው ሲያስነብቡ ሥራዬን አበላሸኸው ብለው ተሳደቡ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጥቁር ልብ ይዘው ሲጠሩ ሰው ሁሉ ባዶ ነው እያለ ይወድቅላቸው ጀመር፤ ሳቃቸውም ተመለሰ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ከስምምነት ሁሉ ከባዱ ተማምለው የገቡበት አይደለም፤ ማንም ቃል ሳይናገር፣ አብሮ በመኖር ብቻ የተሠራው ነው። «ምንም አልተባባልንም» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተባባልንም ማለት አንተዋወቅም ማለት አይደለም። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ ሁለት ሰዎች በዓይን ይግባባሉ፤ ሦስተኛው ሰው ደግሞ ወረቀቱን አምኖ ይጫወትና ለምን እንደተሸነፈ ሳያውቅ ይነሣል። እኛም መግባባታችንን እንደ ጥበብ እንቆጥረዋለን። ደባቂውም ቢሆን አያተርፍም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ካርቶኑና ቀለሙ ሦስት ዓመት ሙሉ እነጋሲ ጋራዥ ውስጥ ነበረ።

እናንተስ በተቀመጣችሁበት ጠረጴዛ፣ ወረቀታችሁ ላይ ሳይጻፍ ከአጋራችሁ ጋር የምታውቁት ነገር ምንድን ነው? ግራና ቀኛችሁ ያለው ሰው ዛሬ ዞሮ ቢጠይቃችሁ፣ ወረቀቱን ታነቡለታላችሁ ወይስ የምታውቁትን ትነግሩታላችሁ?